ስለ ረባሾች ዝርዝርና ስለ ሌሎች ተነባቢ ጽሑፎች

በኢትዮጵያ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ውስጥ ማንም ሳያስገድድ፣ ፈተናም ሳይወጣበት፣ ከመጀመሪያው መስመር እስከ መጨረሻው በሙሉ ትኩረት የሚነበብ ጽሑፍ ቢፈለግ የሚገኘው በጥቁር ሰሌዳው ጥግ ላይ ሲሆን፣ ርእሱም «ረባሾች» የሚል ነው። ይህ ጽሑፍ መምህሩ ከክፍል በወጣ ቁጥር የክፍል አለቃው፣ በተለምዶ «ሞኒተር» የሚባለው ተማሪ፣ በጠመኔ የሚያዘጋጀው የስም ዝርዝር ነው፤ ስሙ የሰፈረበት ተማሪ ዳግም ሲረብሽ ከስሙ ጎን የኤክስ ምልክት ይጨመርለታል፣ ምልክቱ በበዛ መጠንም መምህሩ ሲመለስ የሚጠብቀው ቅጣት ይከብዳል። የንባብ ባህል ሞተ እያሉ በየስብሰባው ለሚያዝኑ ሰዎች ይህ ዝርዝር መጽናኛ ሊሆናቸው ይገባ ነበር፤ ፊደል ገና በቅጡ ያልለየ ልጅ እንኳ ከሰሌዳው ላይ በመጀመሪያ የራሱን ስም፣ ቀጥሎ የጓደኛውን፣ በመጨረሻም በታላቅ ደስታ የባላንጣውን ስም ለቅሞ ያነባልና።

ዝርዝሩ በሥነ ጽሑፍ መለኪያ ቢመዘን የሚጎድለው ብዙ ነው፤ ግሥ የለውም፣ ታሪኩ አያድግም፣ ገጸ ባሕርያቱም ከመስከረም እስከ ሰኔ እምብዛም አይለወጡም። ይሁን እንጂ የንባብና የጽሕፈት መምህራን ከልጆች ጽሑፍ የሚመኙት ሁሉ ተሟልቶለታል፤ ጸሐፊው ለማን እንደሚጽፍ ያውቃል፣ አንባቢው ለምን እንደሚያነብ ያውቃል፣ ጽሑፉም በተነበበ በደቂቃዎች ውስጥ ውጤቱ ይታያል፣ ያውም በብዙ ቦታ በመዳፍ ላይ። ክርክርንም ይወልዳል። ስሙ የሰፈረበት ልጅ በመጀመሪያ «ይሰረዝልኝ» የሚል አቤቱታ ያቀርባል፣ አቤቱታው ውድቅ ሲሆንበት ሞኒተሩን በግማሽ እፍኝ ቆሎ ለማግባባት ይሞክራል፣ ይህም አልሳካ ሲለው ወደ ፊደል ክርክር ይዞራል። አማርኛ ከግዕዝ ከወረሳቸው ፊደላት መካከል በግዕዝ ድምፃቸው የተለያየ፣ በአማርኛ ግን አንድ የሆኑ አሉ፤ ሃሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐና ብዙኃኑ ኀ በአንድ ወገን፣ እሳቱ ሰና ንጉሡ ሠ በሌላ ወገን፣ አልፋው አና ዐይኑ ዐ፣ ጸሎቱ ጸና ፀሐዩ ፀም እንዲሁ። በቃለ ጽሕፈት ጊዜ፣ ማለትም መምህሩ እያነበበ ተማሪው በሚጽፍበት ሰዓት፣ «የትኛው ሀ?» ብሎ ለመጠየቅ የሚሰንፍ ኃይሉ የተባለ ልጅ፣ ሰሌዳው ላይ ስሙ በሃሌታው ተጽፎ ሲያገኘው «ይህ እኔ አይደለሁም፤ የእኔ በብዙኃኑ ነው» ብሎ እስከ መምህሩ ድረስ ይሟገታል። ዓመት ሙሉ የተደከመበት የሞክሼ ፊደላት ትምህርት በአንድ ኤክስ ሥጋት በአንድ ቀን ይጠናቀቃል።

ከዚህ የሚወጣው ሐሳብ ልጅን የሚያሰለቸው ምንም ጉዳይ የማያስፈጽም ጽሑፍ ነው የሚል ሲሆን፣ ለዚህም ከሁሉ የቀረበው ማስረጃ ስለ ላም የሚታዘዘው ድርሰት ነው። ላም የቤት እንስሳ መሆኗን፣ አራት እግር እንዳላት፣ ለሰው ልጆችም ወተት እንደምትሰጥ የሚገልጸው ይህ ድርሰት ለትውልዶች ሲጻፍ የኖረ ሲሆን፣ ከአንዱ ትውልድ ወደ ሌላው ሲተላለፍ የተጨመረበትም የተቀነሰበትም ነገር የለም። በአንድ ክፍል ከ50 የማይበልጡ ተማሪዎች እንዲኖሩ የሚያዘው መለኪያ ቢከበር እንኳ፣ መከበሩም አልፎ አልፎ ነው፣ መምህሩ ዓርብ ማታ ወደ ቤቱ ነድቶ የሚወስደው 50 ላም፣ በድምሩም 200 እግር ነው። ጸሐፊው የጻፈው አንባቢው አስቀድሞ የሚያውቀውን፣ አንባቢውም ያነበበው ጸሐፊው ራሱ ያላመነበትን ነው። ከመካከላቸው አንዱ ልጅ የአያቱ ላም ስትታለብ ካልተዘፈነላት ወተቱን እንደማትለቅ ቢጽፍ ግን በጠርዙ ላይ በቀይ እስክሪብቶ «ከርእስ ውጭ» የሚል አስተያየት ሊያገኘው ይችላል፤ ከሃምሳው መካከል በሕይወት ያለችው ላም ያቺ ብቻ ሆና ሳለች።

ጨዋታን ወደ ንባብ ትምህርት ማስገባት ከውጭ በቅርቡ የመጣ ዘመናዊ ቅብጠት ነው ብለው የሚያምኑ ሰዎች አሉ፤ እምነታቸው ግን ከአቡጊዳ ጋር አይስማማም። በቤተ ክህነት ትምህርት ቤት ሕፃኑ በስንደዶ ወይም በጭራሮ እየጠቆመ የሚቆጥረው የመጀመሪያው ገበታ ሀሁ ሲሆን፣ 33ቱ ዋና ዋና ፊደላት እያንዳንዳቸው ግዕዝ፣ ካዕብ፣ ሣልስ፣ ራብዕ፣ ኃምስ፣ ሳድስና ሳብዕ በሚባሉት ሰባት ቅርጾች ተሰልፈው 231 ይሆናሉ። ሰልፉ ዜማ ስላለው ሕፃኑ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ገበታውን በቃሉ ይይዘዋል፣ በቃሉ ከያዘው በኋላም መመልከቱን ይተዋል፤ ጣቱ ገና ለ ላይ ሳለች አፉ መ ደርሶ ይጠብቃታል። የጥንት መምህራን ይህን ስለሚያውቁ ከሀሁ ቀጥሎ አቡጊዳን አስቀመጡ። በአቡጊዳ ሰልፉ ይፈርሳል፤ አ ግዕዝ፣ ቡ ካዕብ፣ ጊ ሣልስ፣ ዳ ራብዕ፣ ሄ ኃምስ፣ ው ሳድስ፣ ዞ ሳብዕ እየሆነ እያንዳንዱ ፊደል ከጎረቤቱ ጋር በዘርም በቅርጽም ስለማይመሳሰል፣ በዜማ ተማምኖ ዐይኑን የጨፈነ ተማሪ እዚያው ይያዛል። ይህ በዘመኑ የትምህርት ቋንቋ «የፊደል መለየት ጨዋታ» ተብሎ ሥልጠና የሚሰጥበት ነገር ነው፤ ልዩነቱ የቀድሞዎቹ መምህራን ለሥልጠናው አበል አለመቀበላቸው ነው።

ዘመናዊው ክፍል በዚህ ረገድ ከአቡጊዳ ወደ ሀሁ ተመልሷል ማለት ይቻላል። መምህሩ አንድ ዐረፍተ ነገር ያነባል፣ ክፍሉም በአንድ ድምፅ ይደግማል፤ ይህ የኅብረት ንባብ የሚባለው ዘዴ ለጀማሪዎች ድፍረት የሚሰጥ መሆኑ ባይካድም፣ መጽሐፉን ዘቅዝቆ የያዘውም ልጅ ከሌሎቹ እኩል፣ አንዳንዴም ከሌሎቹ በበለጠ ስሜት ስለሚያነብ፣ ማን እንደሚያነብና ማን እንደሚያስተጋባ መለየት አይቻልም። በ2002 ዓ.ም. በበርካታ ክልሎችና በአፍ መፍቻ ቋንቋዎች የተካሄደው የታችኛ ክፍሎች የንባብ ምዘና ልጆቹን አንድ በአንድ እያስቀረበ ሲያስነብብ፣ ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ሲሶ ያህሉ ከምንባቡ አንዲት ቃል እንኳ በትክክል ማንበብ አለመቻላቸው የታወቀው ለዚህ ነው። ከዚያ ወዲህ የንባብ ፍጥነትን በደቂቃ በሚነበቡ ቃላት ብዛት መለካት በየሪፖርቱ ተለምዷል። በሩጫ የታወቀ ሕዝብ ንባብንም በሰዓት መቁጠሪያ ቢለካ የሚያስገርም ባይሆንም፣ ሩጫው ወዴት እንደሆነ ለልጁ ካልተነገረው ፍጥነቱ ብቻውን ብዙ ርቀት አይወስደውም።

ስለ ሩጫ ከተነሣ ደግሞ «የሩጫ ቃለ ጽሕፈት» የሚባለውን ዘዴ ሳይጠቅሱ ማለፍ ጥፋት ነው። በዚህ ዘዴ መምህሩ ከአምስት እስከ ስድስት ዐረፍተ ነገር ያለው አጭር ምንባብ በትልልቁ ጽፎ ከክፍሉ ውጭ በግድግዳ ላይ ይለጥፋል፤ ተማሪዎቹ አምስት አምስት ሆነው ይቀመጣሉ፣ ይህም ቀድሞ «አንድ ለአምስት» የተባለው አደረጃጀት ለመጀመሪያ ጊዜ ሥራ የሚያገኝበት አጋጣሚ ሊሆን ይችላል። ከየቡድኑ አንድ ልጅ ወደ ግድግዳው ሮጦ የቻለውን ያህል አንብቦና በአእምሮው ይዞ ይመለሳል፣ ለጸሐፊው በሹክሹክታ ይነግራል፣ ጸሐፊውም ይጽፋል፤ ከአንድ ዐረፍተ ነገር በኋላ ሯጩና ጸሐፊው ቦታ ይለዋወጣሉ። ከበሩ ላይ ቆሞ መጮኽ ክልክል ነው። ዘዴው እግርን የሚያሠራ ይምሰል እንጂ የሚለካው ማስተዋልን ነው፤ ፊደል በፊደል እየለቀመ የሚያነብ ልጅ በአንድ ምልልስ ከሦስት ፊደል በላይ ሊሸከም አይችልም፣ የዐረፍተ ነገሩን ትርጉም የያዘ ልጅ ግን ሙሉ ዐረፍተ ነገር ይዞ ይመለሳል፣ ስለዚህም ከሁለት ምልልስ በኋላ እያንዳንዱ ሯጭ ማንም ሳይመክረው የሚያነበውን ለመረዳት ይጥራል፤ ካልተረዳ ብዙ ይሮጣልና።

በመንገድ ላይ የሚደርሰው ጉዳትም ከጨዋታው ትርፎች አንዱ ነው። «ገበሬው በሬውን ጠመደ» የሚለው ዐረፍተ ነገር ከግድግዳው ተነሥቶ ደብተር ላይ ሲያርፍ «ገበሬው በሩን ጠመደ» ሆኖ ሊገኝ ይችላል፤ ቡድኑም በር እንዴት እንደሚጠመድ ሲከራከር ቆይቶ በመጨረሻ አንድ ታዛቢ እንዲልክ ይገደዳል። በመማሪያ መጽሐፍ ውስጥ «ሥርዓተ ነጥብ» በሚል ርእስ የሚሰጠውና ማንም የማያስታውሰው ትምህርትም እዚህ ላይ ክብሩን ያገኛል፤ የመጨረሻው ውጤት ከግድግዳው ጽሑፍ ጋር ሲመሳከር የጎደለች አራት ነጥብ ሁሉ አንድ ተጨማሪ ምልልስ እንደምታስከፍል ከታወቀ፣ ከዓመታት ምክር ይልቅ ያቺ ምልልስ ትሰማለች። ለዚህ ሁሉ የሚያስፈልገው ወጪ አንድ ወረቀትና ማጣበቂያ ሲሆን፣ ለመምህሩ የሚቀረው ከባድ ሥራ ልጆቹ በሩ ላይ እንዳይጋጩ መከላከል ነው።

የቆርኪ ፊደልም በዋጋው ከዚህ አይከብድም። ቆርኪ፣ ማለትም የለስላሳና የቢራ ጠርሙስ ክዳን፣ በየመንደሩ በነጻ የሚገኝ የልጆች ሀብት መሆኑ የታወቀ ነው፤ በውስጡ ክብ ወረቀት ተለጥፎ በእያንዳንዱ ላይ አንድ ፊደል ሲጻፍበት ልጆች ቃል የሚገጣጥሙበት ማስተማሪያ ይሆናል። መምህራን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሠሩት ግን የሚስቱት አንድ ነገር አለ። ከገበታው ላይ ፊደላቱን በሙሉ አንድ አንድ ጊዜ ገልብጠው 231 ቆርኪ ያዘጋጁና ልጆቹ «ትምህርት» የሚለውን ቃል እንዲሠሩ ያዛሉ፤ ልጆቹም ት፣ ም፣ ህ፣ ር ብለው ከደረደሩ በኋላ ሌላ ት ፍለጋ ከረጢቱን ይገለብጣሉ። ከአንድ ገበታ ፊደል ትምህርትን መሥራት አይቻልም። በአማርኛ ቃላት ውስጥ ሳድሶቹ፣ በተለይም ት፣ ን፣ ም፣ ር፣ ል፣ እጅግ ስለሚደጋገሙ ከእያንዳንዳቸው አምስት ወይም ስድስት ቆርኪ ያስፈልጋል፤ የጰ ዘሮች ግን አንድ አንድ ቢሆኑም ዓመቱን ሙሉ ሥራ ፈተው ይቀመጣሉ። ጰን በሚመለከት ልጆች ወረቀት በአምድ ከፍለው በተሰጠ ፊደል የሚጀምር የሰው ስም፣ አገር፣ እንስሳና ዕቃ በፍጥነት የሚሞሉበት ጨዋታም አለ፤ ፊደሉ ጰ ሲወጣ የስሙ አምድ በጴጥሮስና በጳውሎስ በቀላሉ ይሞላል፣ የእንስሳው አምድ ግን «የጴጥሮስ ድመት» በሚል መልስ ይዘጋል፤ ይህን መልስ የሚሰርዝ መምህር ጨዋታውን ባያጫውት ይሻላል።

ከአገር በቀል ጨዋታዎች ሁሉ ለንባብና ለጽሕፈት ክፍል የተዘጋጀ የሚመስለው እንቆቅልሽ ነው። ሥርዓቱ ይታወቃል፤ ጠያቂው «እንቆቅልሽ» ሲል መላሹ «ምን አውቅልህ» ይላል፣ ጥያቄው ይቀርባል፣ መላሹ ካልቻለ ጠያቂው «አገር ስጠኝ» ብሎ አንድ ከተማ ወይም አንድ አገር ይቀበላል፣ ከተቀበለም በኋላ በተሰጠው አገር የተመቸውን እየዘረዘረ፣ ያልመለሰውንም በጨዋታ ወግ እየገሠጸ መልሱን ይናገራል። በክፍል ውስጥ ጥያቄው በቁራጭ ወረቀት ተጽፎ ግድግዳ ላይ ይሰቀልና መላሾች ከሥሩ ግምታቸውን እየጻፉ ይፈርሙበታል። እያስተማረ የሚያልቅ ምንድን ነው የሚል ጥያቄ ሰሌዳው አጠገብ ቢለጠፍ፣ ከጠመኔው በፊት «መምህራችን» የሚል መልስ ሊጻፍ እንደሚችል አስቀድሞ መገመት ይገባል። ያልመለሱት የሚሰጡት አገር በካርታው ላይ ተፈልጎ የባለቤቱ ስም ስለሚጻፍበት፣ ሳምንቱ ሲያልቅ አንዲት የሁለተኛ ክፍል ተማሪ የባሕር ዳር፣ የደሴና የቻይና ባለቤት ሆና ትገኛለች። ትንሽ ከተማ የተሰጠው ልጅ «ይቺ አትበቃኝም» ብሎ ሲመልስ ከተማዋ በእርግጥ ምን ያህል ትንሽ እንደሆነች በካርታው ሚዛን ማጣራት ይጀመራል፣ የአካባቢ ሳይንስ መምህሩም በማያውቀው መንገድ ሥራው ይቀልለታል።

ተረት መጻፍ ግን ጅብን ሳያስተዳድሩ የሚቻል አይደለም። በቅብብል ተረት፣ ማለትም እያንዳንዱ ልጅ አንድ ዐረፍተ ነገር እየጨመረ ወረቀቱን ለቀጣዩ በሚያሳልፍበት ሥራ፣ የመጀመሪያው ልጅ አንዲት ልጅ ውኃ ልትቀዳ መሄዷን ይጽፋል፣ ሁለተኛው መንገድ ላይ ጅብ ያመጣል፣ ሦስተኛው ጅቡን ያበላዋል፤ አራተኛው ልጅ የሚጽፍለት ሰው በማጣቱ ለመምህሩ አቤት ይላል። መምህሩ የጅብን ተፈጥሮ መለወጥ ስለማይችል አንድ ደንብ ማውጣት ይበቃዋል፤ ከአሥረኛው ዐረፍተ ነገር በፊት ማንም አይበላም። ደንቡ እንደ ወጣ የጽሑፉ ዐይነት ይለወጣል። ጅቡ እየራበው መጠበቅ ስላለበት መነጋገር ይጀምራል፣ ስለ መንገዱ ይጠይቃል፣ እንስራዋን ልሸከምልሽ ይላል፣ ልጅቷም ነገሩን ስለምትጠረጥር በሌላ መንገድ ለመሄድ ምክንያት ትፈጥራለች፤ አንባቢውም መብላቱ እንደማይቀር እያወቀ መቼ እንደሚሆን በጉጉት ይጠብቃል። የሥነ ጽሑፍ ሰዎች «ልብ ሰቀላ» የሚሉት፣ አንባቢን በሥጋትና በጉጉት አንጠልጥሎ የመቆየት ብልኃት ይኸው ሲሆን፣ በብዙ ቦታ በትርጓሜ መልክ የሚማሩት ከብዙ ክፍሎች በኋላ ነው። የተጠናቀቀው ተረት ድምፅ እየተለዋወጠ ሲነበብ ደግሞ ጅቡን ለማንበብ ሰልፍ ይኖራል። አባባ ተስፋዬ፣ በሙሉ ስማቸው ተስፋዬ ሣህሉ፣ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ለአራት ዐሥርት ዓመታት ያህል ለልጆች ተረት ሲያቀርቡ አራዊቱን ሁሉ ብቻቸውን ይጫወቱ ስለነበር ይህ ችግር አልገጠማቸውም።

ከተዘረዘሩት ሥራዎች ሁሉ ከረባሾች ዝርዝር ጋር የሚወዳደር ኃይል ያለው የክፍል ፖስታ ቤት ነው። መሣሪያው በአንድ ጎኑ የተሰነጠቀ የሳሙና ካርቶን፣ አንድ ፖስተኛና አንድ ደንብ ሲሆን፣ ደንቡም ለእያንዳንዱ ደብዳቤ በጽሑፍ መልስ እንዲሰጥ የሚያስገድድ ነው። የአማርኛ ደብዳቤ በባህሉ ሰላምታ የሚያበዛ በመሆኑ፣ የጸሐፊው ደኅንነት፣ የተቀባዩ ጤና፣ የቤተሰብና የጎረቤት ሁኔታ በቅደም ተከተል ሳይነሣ ወደ ጉዳዩ መግባት ነውር ነው፤ ልጆችም ይህን ከቤት ሰምተው ስለሚያውቁት፣ በአንድ ዴስክ አብሮ ለተቀመጠና በክርኑ ለሚነካ ጓደኛ «ከተለያየን ጀምሮ ናፍቆትህ አላስቀምጥ ብሎኛል» ብለው ጽፈው፣ ገጹ ሊያልቅ ሁለት መስመር ሲቀረው «ላጲሴን መልስልኝ» በማለት ይጨርሳሉ። መሳቅ የሚገባ ቢሆንም ማቃለል አይገባም። ልጁ ሰላምታን ከጉዳይ ለይቷል፣ ለተቀባዩ የሚስማማ አነጋገር መርጧል፣ ላጲሱንም ብዙውን ጊዜ ያገኛል።

ፖስታ ቤቱ ከክፍሉ ወሰን ሲወጣ ነገሩ ይከብዳል። ልጆች ለትምህርት ቤቱ ዘበኛ፣ ለጽዳት ሠራተኛዋ፣ ለርእሰ መምህሩ መጻፍ ይጀምራሉ፣ ለርእሰ መምህሩ በሚጽፉትም ደብዳቤ «አንተ» ወደ «እርስዎ» ሲለወጥ ግሡ እስከ መጨረሻው ድረስ አብሮ መለወጥ እንዳለበት በመከራ ይማራሉ፤ በመግቢያው «ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን አሉ» ተብሎ በማጠቃለያው «ኳሳችንን ስጠን» የሚል ደብዳቤ ኳሷን ለተጨማሪ ሳምንት በቢሮ ያስቀራታል። እዚህ ላይ የትልልቆቹ ኃላፊነት ይመጣል። በብዙ ክፍሎች የሚደርሰው ልጁ ስለ መጸዳጃ ቤቱ ውኃ መጥፋት የጻፈው ደብዳቤ ወደ ርእሰ መምህሩ ሳይሆን ወደ ቀዩ እስክሪብቶ መሄዱ ነው፤ መልሱም «6 ከ10፤ የእጅ ጽሑፍህን አሻሽል» የሚል ሆኖ ይመለሳል፣ ውኃውም እንደ ጠፋ ይቀራል። ስሕተት መታረም የለበትም የሚል የለም፤ ቅደም ተከተሉ ግን መጀመሪያ ለተጻፈው ጉዳይ መልስ፣ ቀጥሎ ለፊደሉ እርማት ሊሆን ይገባል። በዚህ ቅደም ተከተል የተስተናገደ ልጅ ሁለተኛውን ደብዳቤ ራሱ ደግሞ ገልብጦ፣ ያውም በጥሩ የእጅ ጽሑፍ፣ ይዞ ይመጣል፤ ኳሷ ገና በቢሮ ናትና።

ይህ ሁሉ ሥራ ድምፅ አለው፣ ድምፅ ደግሞ በትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ በበጎ አይታይም። በኮሪደሩ የሚያልፍ ርእሰ መምህር ወይም ከወረዳ የመጣ ሱፐርቫይዘር የጥሩ ክፍል ምልክት አድርጎ የሚያውቀው ጸጥታን ነው፤ አምስት ልጆች ወደ ግድግዳ ሲሮጡ፣ ሌሎቹ ሲንሾካሾኩ፣ አንዲት ልጅ ደግሞ ቻይናን ስትረከብ ቢያይ መምህሩ ክፍሉን እንዳልተቆጣጠረ ይመዘግባል። መምህሩም ይህን ስለሚያውቅ በዕለታዊ የትምህርት ዕቅዱ ላይ «የተማሪው ተግባር» በሚለው አምድ ሥር ለደኅንነቱ «ያዳምጣሉ» ብሎ ይጽፋል፤ ይህ ቃል ከዓመት ወደ ዓመት፣ ከገጽ ወደ ገጽ ሲገለበጥ የሚኖር በመሆኑ ከላሟ ድርሰት ጋር በዕድሜ ሊፎካከር ይችላል። በፈረቃ የሚያስተምር፣ ከአንድ ፈረቃ ወደ ሌላው ሲሻገር ምሳውን በቁሙ የሚበላ መምህር ሁሉንም በየቀኑ ያድርግ ማለት ግን ግፍ ነው፤ በሳምንት አንድ ክፍለ ጊዜ ቢገኝ ብዙ ነው።

በመጨረሻ ልጆቹ ማንበብ ሲጀምሩ የሚያነቡት ነገር ሊገኝላቸው ይገባል። በሳን ፍራንሲስኮ ከተማ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ የነበሩት ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ ወደ አገራቸው ተመልሰው በ1995 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሾላ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ከፈቱ፤ በኋላም በሐዋሳ መጻሕፍት በጋሪ ጭና በየሰፈሩ የምትዞር የአህያ ቤተ መጻሕፍት ተቋቋመች፣ ሥራቸውም በ2008 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በሲኤንኤን የዓመቱ ጀግኖች ዝርዝር ውስጥ አስገባቸው። በኢትዮጵያ ክፍል ውስጥ ትምህርት አልገባ ያለው ልጅ «አህያ» ተብሎ መሰደቡ የታወቀ በመሆኑ፣ ሐዋሳ ላይ አህያዋ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ሆና መገኘቷ ተሳዳቢዎቹን ትንሽ ሊያሳስባቸው ይገባ ነበር።

አህያ በማይደርስበት ትምህርት ቤትም ቢሆን መጻሕፍት ሙሉ በሙሉ የሉም ማለት አይደለም። በእርዳታ የመጡ የተረት መጻሕፍት በየንብረት ክፍሉ በቁም ሣጥን ተቆልፎባቸው፣ «ልጆች ይቀዱብናል» ተብሎ በፕላስቲካቸው እንደ ታሸጉ የሚቀመጡበት ቦታ ጥቂት አይደለም፤ በሰኔ ቆጠራ ሲደረግም ምንም ያልጎደለበት ንብረት ክፍል ይመሰገናል። የንብረት ኃላፊዎች በሚቀጥለው ቆጠራ አንድ አዲስ አምድ ቢከፍቱ፣ ጠርዙ የተበላ፣ ሽፋኑ የላላና የእጅ አሻራ ያረፈበት መጽሐፍ በጥሩ ይዞታ እንዳለ ቢመዘገብ፣ ፕላስቲኩ ያልተቀደደው ደግሞ በጉድለት ቢያዝ መልካም ነው። ቅጹን ለማሻሻል የሚያስፈልገው ማስመሪያና እስክሪብቶ ብቻ ሲሆን፣ ሁለቱም ንብረት ክፍል ውስጥ አሉ።